ትርፍ መምህር ተባልኩ፤ አሁን ምን ላድርግ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ነሐሴ ሲያልቅና መስከረም ሲጠባ ስልኬ ይበዛል። የሚደውሉልኝ ከጀሞ፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከአስኮ፣ ከቦሌ አራብሳ፣ ከገላን፣ ባጠቃላይ በአዲስ አበባ ዳርቻ ባሉ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩ ባልደረቦቼ ናቸው። ወሬው አንድ ነው፤ "ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ስሜ ከትርፎቹ ጋር ወጥቷል።"

እኔም በእንዲህ ያለ ዝርዝር ላይ ስሜን አንብቤ አውቃለሁ። ከዓመታት በኋላ ደግሞ በሌላ ትምህርት ቤት የድልድል ኮሚቴ ውስጥ ገብቼ፣ የባልደረባዬ ስም በዝርዝሩ ላይ እንዲወጣ እጄን አውጥቻለሁ። ሁለቱም ከባድ ነው። በስልክ ደጋግሜ የምመልሰውን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ዝርዝር የምደባ መመሪያ ከዓመት ዓመት ስለሚሻሻል የዘንድሮውን ከወረዳዎ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጠይቀው ኮፒውን ይያዙ። ከዚህ ገጽ ጋር የማይገጥም ነገር ካገኙ የሚሠራው መመሪያው ነው።

"ትርፍ መምህር" ማለት ምን ማለት ነው?

ሰውና መደብ አልተመጣጠኑም ማለት ነው። ትምህርት ቤቱ በዓመቱ ባሉት ሴክሽኖችና ለትምህርት ዓይነቱ በተሰጠው ክፍለ ጊዜ ልክ አራት የሒሳብ መምህር ይበቃዋል ከተባለና አምስት ካሉት፣ አንዱ ትርፍ ነው። ስለ ችሎታዎ፣ ስለ ጠባይዎ፣ ስለ ተማሪዎችዎ ውጤት የሚናገረው ነገር የለም።

ይህን ለማጽናናት ብቻ አልልም፤ ወረቀት ላይም ለውጥ አለው። የሚሰጥዎት የዝውውር ደብዳቤ ማህደርዎ ውስጥ ገብቶ ዘመኑን ሁሉ ይኖራል። ምክንያቱ "በክፍለ ጊዜ ማነስ" ወይም "በመደብ መታጠፍ" ተብሎ በግልጽ ይጻፍ። "ለሥራው አመቺነት ሲባል" የሚል ብቻ ከሆነ እንዲስተካከል ይጠይቁ። ከአምስት ዓመት በኋላ ለርዕሰ መምህርነት ሲወዳደሩ ያንን ደብዳቤ የሚያነብ ሰው ምን እንደተፈጠረ አያውቅም፤ በቅጣት የተዛወሩ ሊመስለው ይችላል።

ክፍሎቻችን በተማሪ ታጭቀው እያየን እንዴት መምህር ይተርፋል?

ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ በንዴት ነው የሚጠየቀው፤ ንዴቱም ተገቢ ነው። መልሱ አንድ አይደለም።

መጀመሪያ፣ ሕዝቡ ቦታ ቀይሯል። ኮንዶሚኒየም መገንባት ከተጀመረበት ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ከተማዋ ወደ ዳር እየተገፋች ነው። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ሲጀመር ደግሞ ከፒያሳ፣ ቀጥሎም ከካዛንቺስ የተነሱ ቤተሰቦች ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የዳር ሰፈሮች ገቡ። ልጅ ቤተሰቡን ተከትሎ ይሄዳል፤ የመምህሩ መደብ ግን በነበረበት ይቀራል። መሃል ከተማ ያለው ትምህርት ቤት ባዶ ወንበር ይዞ ሲቀር፣ እዚህ ዳር ላይ ያለው ሦስት ልጅ በአንድ ዴስክ ያስቀምጣል። በዚህ ጊዜ መምህሩን ከመሃል ወደ ዳር ማምጣት ትክክል ነው። ተማሪ ያለበት ቦታ መምህር መኖር አለበት፤ እኔ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

ሁለተኛ፣ ዳር ላይ ያለውም ትምህርት ቤት ይተርፍበታል። አዲስ የኮንዶሚኒየም ሳይት አጠገብ አዲስ ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ እስከዚያ ድረስ ልጆቹን ሁሉ ተሸክሞ የኖረው የድሮው ትምህርት ቤት በአንድ ክረምት ብዙ ሴክሽን ያጣል። አዲሱ ደግሞ ሁሉንም መምህር አዲስ አይቀጥርም፤ ከድሮው ነው የሚወስደው። በባጃጅ አምስት ደቂቃ ወደሚያስኬድ ቦታ ተዛወሩ ማለት እንግዲህ ይህ ነው። እውነቱን ለመናገር ከሁሉም የሚቀለው እሱ ነው።

ሦስተኛው የሥርዓተ ትምህርቱ ለውጥ ነው፤ የኔም ጉዳይ እዚህ ላይ ይወድቃል። የትምህርቱ አደረጃጀት 8-2-2 ከነበረበት ወደ 6-2-4 (ስድስት ዓመት አንደኛ፣ ሁለት መካከለኛ፣ አራት ሁለተኛ ደረጃ) ሲዞር፣ 7ኛና 8ኛ ክፍል መካከለኛ ደረጃ ተብለው ለብቻቸው ቆሙ። በእነዚህ ክፍሎች ለየብቻ ይሰጡ የነበሩት ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ "አጠቃላይ ሳይንስ" በሚል አንድ መጽሐፍ ውስጥ ገቡ። ሦስት መምህራን ይካፈሉት የነበረ ሥራ ተጠቀለለ። እኔ የፊዚክስ መምህርት ነበርኩ፤ አንድም ተማሪ ሳይቀንስ ትርፍ ሆንኩ። በዚያው ጊዜ ለክወናና እይታ ጥበባት እና ለአፋን ኦሮሞ ትምህርት መምህር ጠፍቶ ክፍለ ጊዜ ባዶውን ያልፍ ነበር። በአንድ ግቢ ውስጥ ትርፍም እጥረትም ነበረ ማለት ነው። መምህር በጅምላ አይተርፍም፤ የሚተርፈው በትምህርት ዓይነትና በደረጃ ነው።

አራተኛ ምክንያትም አለ። ቀጣዩን መልስ ቀስ ብለው ያንብቡ፤ ከዚህ ገጽ አንድ ነገር ብቻ የሚይዙ ከሆነ እሱን ይያዙ።

ትርፉ እንዴት ነው የሚሰላው?

ሦስት ቁጥሮች አሉ፤ የሴክሽን ብዛት፣ ትምህርቱ በሳምንት ያለው ክፍለ ጊዜ፣ አንድ መምህር የሚይዘው ሙሉ ሎድ፣ ማለትም በሳምንት የሚያስተምረው ክፍለ ጊዜ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት አባዝተው በሦስተኛው ያካፍላሉ።

በምሳሌ እንየው። ቁጥሩን ለማስረዳት ነው የምጠቀመው፤ የራስዎን ትምህርት ቤት ቁጥር ያስገቡበት። በ9ኛ ክፍል 480 ተማሪ አለ እንበል። ለሁለተኛ ደረጃ የተቀመጠው መለኪያ በአንድ ክፍል 40 ተማሪ ነው፤ ለአንደኛ ደረጃ 50። በ40 ካካፈሉት 12 ሴክሽን ይሆናል። ትምህርቱ በሳምንት ሦስት ክፍለ ጊዜ ካለው 36 ክፍለ ጊዜ ነው። የአንድ መምህር ሎድ 18 ቢባል ልክ ሁለት መምህር ይፈልጋል። ማንም አይተርፍም።

አሁን እነዚያኑ 480 ልጆች በ9 ሴክሽን ያስቀምጧቸው። በአንድ ክፍል ከ53 በላይ ይሆናሉ። 27 ክፍለ ጊዜ፣ ማለትም አንድ መምህር ተኩል። ግማሽ ሰው ስለሌለ አንዱ መምህር 27ቱን ይሸከማል፣ ሌላው ትርፍ ይባላል።

ተማሪው አልቀነሰም። የቀነሰው ሴክሽኑ ነው።

ስለዚህ "ትርፍ አለ" ሲባል የመጀመሪያው ጥያቄዎ "ስንት ተማሪ በአንድ ክፍል ተደርጎ ነው የተሰላው?" ይሁን። መልሱ ከመለኪያው በላይ ከሆነ ትርፉን የፈጠረው አቀማመጡ ነው። አንዳንድ ጊዜ ምክንያት አለው፤ የመማሪያ ክፍል የለም፣ ፈረቃ እንዳይጨመር ተብሏል፣ ዴስክ አልቀረበም። እነዚህ እውነተኛ ችግሮች ናቸው። ግን የክፍል እጥረት ነው ተብሎ በስሙ ይጠራ እንጂ የመምህር ትርፍ ተብሎ አይመዝገብ። በትርፍነት ከተመዘገበ በሚቀጥለው ዓመት በጀት ላይ ያ መደብ ላይመለስ ይችላል።

ሁለተኛው ነገር ቆጠራው የተካሄደበት ቀን ነው። ዳር ላይ ተማሪ ዘግይቶ ነው የሚገባው። ቤተሰቡ ቤት ሲደርሰው፣ ኪራይ ሲቀይር፣ ከክፍለ ሀገር ሲመጣ፣ መሸኛው እስኪደርስለት መስከረምም ጥቅምትም ይመዘገባል። በሐምሌ ምዝገባ ላይ ብቻ ተመሥርቶ የተሠራ ድልድል እንደኛ ባሉ ሰፈሮች ብዙ ጊዜ ይፈርሳል። መስከረም መጀመሪያ ሁለት መምህር ሸኝቶ ጥቅምት ላይ አንድ መምህር አምጡልኝ ብሎ የጻፈ ትምህርት ቤት አውቃለሁ። በመሃሉ ልጆቹ አምስት ሳምንት ያለ መምህር ቆዩ።

ሦስተኛ፣ ሎድ ውስጥ ምን ተቆጠረ? የትምህርት ክፍል ተጠሪነት፣ ቤተ ሙከራ፣ ማጠናከሪያ ትምህርት፣ የክበብ ኃላፊነት፣ ልዩ ፍላጎት ያላቸውን ልጆች መደገፍ። እነዚህ በመመሪያው መሠረት ክፍለ ጊዜ ሊቀነስባቸው የሚገቡ ሆነው ሳለ ባዶ ተደርገው ከታለፉ ስሌቱ የተሳሳተ ነው።

ስሌቱን የማየት መብት አለኝ?

ይጠይቁ። በቃል ሳይሆን በጽሑፍ። ሦስት ወረቀት ይበቃዎታል፤ በክፍል ደረጃ የተመዘገበ የተማሪ ብዛት፣ የሴክሽን ዝርዝር፣ የመምህራን የክፍለ ጊዜ ድልድል። ንጹሕ ሥራ የሠራ ርዕሰ መምህር እነዚህን ሲጠየቅ አይከፋውም። ኮሚቴ ውስጥ እያለሁ ዝርዝሩን ከነስሌቱ ነበር የምንለጥፈው። በመጀመሪያው ዓመት ሰው ተጨቃጨቀ፣ በሁለተኛው ዓመት አንዲት መምህርት መጥታ የእኛን የድምር ስህተት አሳየችን፤ አረምነው፣ አንድ ሰው ከዝርዝሩ ወጣ። አንዲት መስመር ድምር የሰው ሕይወት መሆኗን ያኔ ነው በደንብ የገባኝ።

ከአምስታችን አንዱ መሄድ ካለበት ማን ነው የሚሄደው?

መጀመሪያ ፈቃደኛ ይጠየቃል፤ መጠየቅም አለበት። ሰው የማይገምተው ብዙ ፈቃደኛ አለ። ቤቱ ወደ ሌላ ሰፈር የተዛወረ፣ ከአለቃው ጋር ያልተስማማ፣ የልጁ ትምህርት ቤት አጠገብ መሆን የሚፈልግ። ይህን ሳይጠይቁ በቀጥታ ወደ ነጥብ መሄድ ያለምክንያት ሰው ማሳዘን ነው።

ፈቃደኛ ከጠፋ በመመሪያው በተቀመጡት መስፈርቶች ይወዳደራሉ። ብዙውን ጊዜ የሚታዩት የአገልግሎት ዘመን፣ የሥራ አፈጻጸም ውጤት፣ የትምህርት ዝግጅት፣ በዚያ ትምህርት ቤት የቆዩበት ጊዜ፣ የጤናና የቤተሰብ ሁኔታ ናቸው። የእያንዳንዱ ክብደት ስንት እንደሆነ የዘንድሮው መመሪያ ላይ ያዩታል።

የራሴን አስተያየት ልጨምር። "የመጨረሻ የመጣ መጀመሪያ ይውጣ" የሚለው ልማድ ቀላል ነው፣ ጭቅጭቅም ይቀንሳል። ግን ወጣት መምህራንን በየዓመቱ ከግቢ ወደ ግቢ ያንከራትታል። አራት ዓመት ውስጥ ሦስት ትምህርት ቤት የቀየረ ልጅ አስተማሪነትን አይወድም፤ ጥሎ ይሄዳል። አንድ ጊዜ በትርፍነት የተዛወረ ሰው ቢያንስ ለተወሰነ ጊዜ እንደገና እንዳይነካ ኮሚቴዎች ቢያስቡበት እወዳለሁ። እኛ ጋ አስበንበታል፤ ማንም አላማረረም።

ደመወዜና የደረጃ እድገቴ ይነካል?

መነካት የለበትም። በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ዝውውር ማለት ደረጃና ደመወዝን እንደያዙ ወደ ተመሳሳይ መደብ መሄድ ነው። ከፍተኛ መምህር ከነበሩ ከፍተኛ መምህር ሆነው ይሄዳሉ፣ ተባባሪ መሪ መምህር ከነበሩም እንደዚያው። አገልግሎትዎ አይቋረጥም፤ ለቀጣዩ እርከን የቆጠሩት ጊዜ ከዜሮ አይጀምርም።

በተግባር የሚያደናቅፈው የአፈጻጸም ምዘና ነው። በግማሽ ዓመት ከተዛወሩ የቀድሞው ትምህርት ቤት የሞላው ውጤት ሳይላክ ይቀርና የደረጃ እድገት ሲደርስ "የአንድ መንፈቅ ውጤት ይጎድላል" ይባላሉ። ስለዚህ ሲወጡ የምዘና ውጤትዎ ተሞልቶ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተም ተደርጎበት በእጅዎ ይኑር። የተጨማሪ ኃላፊነት ክፍያ ካለዎት፣ ለምሳሌ የዩኒት መሪ ከነበሩ፣ እሱ ከሰውየው ጋር ሳይሆን ከቦታው ጋር የተያያዘ ስለሆነ ይቀራል።

ከሥራ ልሰናበት እችላለሁ?

በዳርቻው የማውቀው ሁሉ በምደባ ነው ያለቀው። ሕጉም የሚያስቀድመው ሌላ ተመሳሳይ መደብ መፈለግን ነው። በቅደም ተከተል በወረዳው፣ ከዚያ በክፍለ ከተማው፣ ካልተገኘ በከተማ ደረጃ ይፈለጋል። የሚያስጨንቀው ቦታ መጥፋቱ ሳይሆን የሚገኘው ቦታ ርቀት ነው።

የተመደብኩበት ቦታ ከቤቴ ሁለት ሰዓት ያስኬዳል። እምቢ ማለት እችላለሁ?

እኔ የምኖረው የካ አባዶ ነበር፤ የተመደብኩት ጀሞ አካባቢ ነበር። ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ዳር ማለት ነው። ካርታ ላይ አንድ ከተማ ነው። በተግባር ግን ከየካ አባዶ መገናኛ፣ ከመገናኛ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ጀሞ፣ በሦስት ታክሲ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቼ ለልጆቼ ምሳቃ አዘጋጅቼ እወጣ ነበር። ዝናብ የጣለ ቀን ሰልፉ መገናኛን ዞሮ ይወጣል። የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ያልደረስኩባቸው ቀናት ነበሩ፤ ርዕሰ መምህሩ ደግ ሰው ስለነበር ሦስተኛው ላይ አዛወረልኝ። የደመወዜ ትልቅ ክፍል መንገድ ላይ ነበር የሚያልቀው። አመሻሽ ላይ ስመለስ ትንሹ ልጄ ተኝቶ አገኘዋለሁ።

ያን ጊዜ የሠራሁት ስህተት ዝም ማለቴ ነው። "የመጣውን መቀበል ነው" ብዬ ፈረምኩ። በኋላ እንደሰማሁት እዚያው ክፍለ ከተማችን ውስጥ ሁለት ክፍት መደብ ነበረ፤ የጠየቀ ሰው አገኘው።

ስለዚህ ጥያቄውን በሁለት ይክፈሉት። አልሄድም ብሎ መቅረት አይቻልም፤ ከሥራ ገበታ መቅረት ራሱን የቻለ ጥፋት ነው፣ እውነት ያለውን ሰው ጥፋተኛ ያደርገዋል። ሄደው ሪፖርት ያድርጉ። ግን ሪፖርት ባደረጉበት ሳምንት ቅሬታዎን በጽሑፍ ያስገቡ። ሲጽፉ "ሩቅ ነው" ብቻ አይበቃም። የመኖሪያ አድራሻዎን ከቀበሌ መታወቂያዎ ጋር፣ የሚጠቀሙበትን መስመርና የሚፈጅብዎትን ሰዓት፣ ይበልጥ ደግሞ በቅርብዎ ያለ ክፍት መደብ የት እንዳለ ይጻፉ። ክፍት መደብ ጠቁሞ የሚጽፍ ሰው ቶሎ መልስ ያገኛል፤ ለኃላፊው ሥራውን አቅልሎለታላ።

ሌላው መንገድ የእርስ በርስ ዝውውር ነው። እኔን ያዳነኝ እሱ ነው። ለቡ የምትኖር፣ ሲኤምሲ አካባቢ የምታስተምር፣ እንደኔው ፊዚክስ የተማረች መምህርት አገኘሁ። ሁለታችንም በየቀኑ ከተማዋን እያቋረጥን በተቃራኒ አቅጣጫ እንተላለፍ ነበር። ማመልከቻችንን አብረን አስገባን፤ ወዲያው ባይሆንም ተፈቀደ። በትምህርት ዓይነት፣ በደረጃና በትምህርት ዝግጅት የሚመስልዎትን ሰው በመምህራን የቴሌግራም ግሩፖች ውስጥ ይፈልጉ።

የምኖረው ሸገር ከተማ ውስጥ ነው። ቤቴ አጠገብ ባለ ትምህርት ቤት ልመደብ እችላለሁ?

ይህ ጥያቄ ከፉሪ፣ ከቡራዩ፣ ከለገጣፎ በብዛት ይመጣል። በአዲስ አበባ ቅጥር ከሆኑ በትርፍነት ምደባ ብቻ አይቻልም። ሸገር ከተማ በ2015 ዓ.ም. ሲዋቀር በኦሮሚያ ክልል ሥር ነው፤ ቀጣሪው ሌላ፣ በጀቱም ሌላ ነው። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ይፋ በሆነው የወሰን ማካለል ኮዬ ፈጬ ወደ ኦሮሚያ፣ ቱሉ ዲምቱ ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ፣ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሰፈሮች ለመምህር ምደባ ሁለት አገር ያህል ተራርቀዋል። ያለው መንገድ ከክልል ወደ ክልል የሚደረግ ዝውውር ነው፤ ሁለቱም ወገን መስማማት አለበት፣ ጊዜ ይወስዳል፣ የማስተማሪያ ቋንቋም ይታያል።

ባልተማርኩበት ትምህርት እንዳስተምር ተመደብኩ። ምን ላድርግ?

ቅርብ ከሆነ፣ ማለትም ፊዚክስ ተምረው አጠቃላይ ሳይንስ ከሆነ፣ ይያዙት። እኔ የባዮሎጂውን ክፍል ከተማሪዎቼ አንድ ሳምንት ቀድሜ እያነበብኩ ነው ያስተማርኩት፤ ዛሬ ደስ ይለኛል። ግን የታሪክ መምህር ለጤናና ሰውነት ማጎልመሻ ሲመደብ ተማሪው ነው የሚጎዳው። "ለጊዜው ነው" ከተባሉ ጊዜው ስንት እንደሆነ በደብዳቤው ላይ ይጻፍ። ካልተማሩት የትምህርት ዓይነት ተነስቶ የሙያ ብቃት ምዘና ላይ ችግር እንዳይመጣብዎት የተመረቁበት ሙያ በማህደርዎ ውስጥ እንዳለ መቆየቱን ያረጋግጡ።

የወሊድ ፈቃድ ላይ እያለሁ ትርፍ ተባልኩ። ይቻላል?

ፈቃድ ላይ መሆን ትርፍ ለመባል ምክንያት አይሆንም። በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ እናት ሠራተኛ ከሙሉ ደመወዝ ጋር የወሊድ ፈቃድ ታገኛለች፤ መደቧም የእሷ ነው። በተግባር የሚሆነው ግን የእሷን ሎድ ለባልደረቦቿ ያከፋፍሉትና "እንግዲህ ያለ እሷም ሄደ" ይባላል። ከባድ በደል ነው። ባልደረቦቿ በደግነት የተሸከሙት ሥራ የእሷ መደብ አላስፈላጊ መሆኑን አያሳይም። እህቶቼ፣ ይህ ከደረሰባችሁ አንዲት ቀን እንኳ ሳታሳልፉ ጻፉ። ልጅ ታቅፋችሁ ቢሮ መመላለስ ካቃታችሁ ባለቤታችሁ ወይም የማኅበሩ ተወካይ በውክልና ያስገባላችሁ።

ቅሬታዬን ለማን አቀርባለሁ?

በመጀመሪያ ለትምህርት ቤቱ ድልድል ኮሚቴ፣ ከዚያ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ቅሬታ ሰሚ፣ ከዚያ ለክፍለ ከተማው፣ ከዚያ ለትምህርት ቢሮ። በመጨረሻ የመንግሥት ሠራተኞች አስተዳደር ፍርድ ቤት አለ። ደረጃ አይዝለሉ፤ ዘለው የሄዱበት "ከታች ጨርሰህ ና" ብሎ ይመልስዎታል፣ በዚያ መሃል የቅሬታ ማቅረቢያ ቀኑ ያልፋል። በየደረጃው ያስገቡት ማመልከቻ ቅጂ ላይ የመዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን ይጻፍልዎ። ቁጥር የሌለው ማመልከቻ እንዳልገባ ነው የሚቆጠረው።

የመምህራን ማኅበርን አይርሱ። የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር ከ1941 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ማኅበር ነው፤ በየትምህርት ቤቱ ተወካይ አለው። ተወካዩ ከእርስዎ ጋር ሲገባ ውይይቱ ወዲያው መልክ ይይዛል።

ርዕሰ መምህር ነኝ። ትርፍ የሆነውን ሰው እንዴት ልንገረው?

አስቀድመው፣ ለብቻው፣ ቁጭ ብለው። ስሙን ከማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲያነበው አያድርጉ። እኔ ያነበብኩት እንደዚያ ነው፣ ተማሪዎቼ ከኋላዬ ቆመው። አንዷ "ቲቸር፣ ሊሄዱ ነው እንዴ?" አለችኝ፤ የምመልሰው አልነበረኝም።

ሌላም ነገር ልለምንዎት። የማይፈልጉትን ሰው ለማራቅ ትርፍን መሣሪያ አያድርጉ። ሁሉም ያውቀዋል፤ የቀሩት መምህራን ከዚያ ቀን ጀምሮ በስብሰባ ላይ አፋቸውን አይከፍቱም።

ወላጅ ነኝ። የልጄ መምህር በመስከረም መጨረሻ ተቀየረ። ማንን ልጠይቅ?

የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረቱን። ወላጅ ሲጠይቅ የሚሰማበት ነገር አለ። በተለይ "አሁን በልጄ ክፍል ስንት ተማሪ አለ?" ብለው ይጠይቁ፤ መልሱን ይዘው ከ50 ወይም ከ40 ጋር ያስተያዩት።

ወደ ቀድሞ ትምህርት ቤቴ መመለስ እችላለሁ?

ክፍለ ጊዜው ተመልሶ ከሰፋ በማመልከቻ መጠየቅ ይችላሉ። ቅድሚያ ይሰጠኝ ብለው ሲጽፉ ያኔ የወጡበትን ደብዳቤ አያይዙ። "በመደብ መታጠፍ" የሚለው ቃል በዚያ ሰዓት ነው የሚጠቅምዎ።

ስወጣ ምን ይዤ ልውጣ?

ክሊራንስ፤ ያለ እሱ ደመወዝዎ አይዛወርም። መጽሐፍ፣ ላፕቶፕ፣ የቤተ ሙከራ ዕቃ በስምዎ ካለ አስረክበው ደረሰኝ ይቀበሉ። የመጨረሻ ደመወዝ የተከፈለበትን ወር የሚገልጽ ደብዳቤ፣ የጡረታ መለያ ቁጥርዎ፣ ያልተጠቀሙበት የፈቃድ መረጃ፣ የምዘና ውጤት። ማህደርዎ በመልእክተኛ ሲላክ ቅጠሎቹ ተቆጥረው በደብዳቤው ላይ ይጻፉ፤ "ከ1 እስከ 64 ገጽ" ተብሎ። የኔ ማህደር ሲደርስ የዲግሪዬ ቅጂ አልነበረበትም።

የማርክ ሊስትዎን ለሚተካዎት መምህር በእጅ ይስጡት። የትኛው ልጅ ከኋላ ተቀምጦ ሰሌዳው እንደማይታየው፣ የትኛዋ ጠዋት ሳትበላ እንደምትመጣ፣ ማን ጎበዝ ሆኖ እንደሚያፍር ይንገሩት። ግማሽ ሰዓት ይበቃል።